ቅቤ በልቼ ድዴ የደማበት ዓመት

ድዴ መድማት የጀመረው ገንፎ ስበላ ነው። ቆሎ ስቆረጥም ቢሆን ባልገረመኝ፤ ለስላሳ የገብስ ገንፎ፣ መሀሉ ላይ ቅቤ የተኛበት፣ ማንን ያደማል? ማንኪያውን ከአፌ ሳወጣው ጠርዙ ቀላ ብሎ አየሁና በርበሬው ነው ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ።

ይህን የማወራው አራስ ለሆኑና አራስ ለሚያርሱ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጣውንት ላላቸው ሴቶች ነው። ጣውንት የሌላት ግማሹ ላይገባት ይችላል፤ ቢሆንም ድድ የሌለው ሰው የለምና ታንብበው።

ዘሀራ እባላለሁ፤ ቤቴ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት፣ ትልልቆቹ ሴቶች ሳይቀሩ መሠረተ ትምህርት ገብተው ሀ ሁ በሚሉበት ጊዜ ነው። እኔ ሁለተኛ ሚስቱ ነኝ። የመጀመሪያዋ ሰዓዳ ትባላለች፤ ከጅማ ወጣ ብሎ ደዶ ነው የምትኖረው፣ ከገበሬ ማኅበሩ በተመራላቸው መሬት ላይ ጎመን፣ ድንችና ፍራፍሬ እያለማች። ባላችን በጅማም በደዶም የስፌት መኪና ነበረው፤ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሷ ጋ በተራ ያድር ነበር። ሸሪዓው እኩል አድርግ ይላል፤ እሱም እኩል ያደርጋል። እኩል ማድረጉ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ሰዓዳ ቆንጆ አይደለችም። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። እሺ፣ በቅናት ነው፤ ግን እውነትም ነው። ዝም ስትል ከመንገድ ላይ አታውቃትም። ስትስቅ ነው ነገሩ የሚመጣው። ድዷ በልጅነቷ ተነቅሶ ጥቁር ነው፣ ጥርሷ ደግሞ ነጭ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ የተደረደረ። ስትስቅ ወንዱም ሴቱም አፏን ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ መኪ ይባላል፣ እናም ሀገሩ ሁሉ ባሌን «አባ መኪ» ነው የሚለው። እኔም ጭምር። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ባሌን የምጠራው በእሷ ልጅ ስም ነበር።

እኔ ለይላን ስወልድ ስሙ ይለወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልለወጠውም። አማቴ ሊያርሱኝ መጡ፤ እኛ አዮ ነው የምንላቸው፣ እናቴ እንደማለት። ደግ ሴት ናቸው፣ አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፣ ወሬ ማሳመር ይወዳሉ። ገንፎዬን እያገነፉ «ሰዓዳ መኪን ስትወልድ የበላችው ቅቤ!» ይሉኛል። «ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ በቅቤ። ጥርሷን አላየሽም? ፊቷን አላየሽም? የዚያ ቅቤ ነው።»

«ለእኔስ ስንት ወር ነው?» አልኳቸው።

«አንቺማ አርባሽን ከጨረስሽ ይበቃሻል፣ ሴት ልጅ ነው የወለድሽው» ብለው ሳቁ።

እሳቸው እየቀለዱ ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ነው በእልህ የተያዝኩት። ባሌ ሲገባ «ሰዓዳ ሁለት ወር ከበላች እኔ አራት ወር ነው የምበላው። የሴት ልጅ እናት ከሆንኩ ጉሮሮዬ ጠባብ ነው እንዴ?» አልኩት። እሱ ጠብ አይወድም። ለሰኮሩ መንገድ ሾፌሮች ነግሮ ቅቤ በቅል በቅል ማስመጣት ጀመረ።

አራስ ቤት የሚበላውንና የማይበላውን ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ገንፎ ይበላል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ቅቅልና ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ጎመን አይነካም፣ የልጅ ሆድ ይነፋል ይባላል። ብርቱካንና ዘይቱን ብርድ ናቸው፣ ወተት ያደርቃሉ ይባላል። ይህ ለአርባ ቀን ነው የተለመደው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ጎመኑ ይመለሳል። እኔ አልተመለስኩም። ጎመን ለሌላው ሰው ሲሠራ ሽታውን እየሸሸሁ ከቅቤዬ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሰዓዳ በደዶ መኪና አንድ ኬሻ ብርቱካንና ዘይቱን ላከችልኝ። ኬሻውን በር ላይ አስቀምጬ ጎረቤቶቼን «ውሰዱ» አልኩ። እሷ ቅቤ በልታ ለእኔ ብርቱካን ትልካለች? ወተቴን ልታደርቀው ነው እንጂ ምን ልትሆን!

ከዚያ ነው እንግዲህ ገንፎው ቀይ የሆነው።

መጀመሪያ ድካም ነበር። ለይላን ታቅፌ ከጓዳ እስከ በር መሄድ ያቅተኝ ጀመር። እግሬ ከጉልበቴ በታች ያመኛል፤ ማንም ሳይመታኝ ሰማያዊ ነገር ያወጣል። ድዴ አበጠ፣ እንደ በሰለ እንጆሪ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያው ደም ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነበር። ራሴን ይሸተኝ ነበርና ሌላውን እንዴት እንደሚሸተው አውቃለሁ። አባ መኪ ሲያወራኝ ፊቱን ትንሽ ዘወር ማድረግ ጀመረ። የደዶ ሳምንቱ ሲደርስ ሄደ፤ ሲመለስ ሁለት ቀን አሳልፎ መጣ። «የገበያ ሥራ በዝቶ ነው» አለኝ። እኔ ግን እዚያ ቤት ያለውን ሳቅ በዓይኔ እያየሁት ነበር። ሌሊት ለይላን እያጠባሁ ምላሴን በጥርሶቼ ላይ አስኬዳለሁ፤ የፊቶቹ ይነቃነቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ድዳም አሮጊት ልሆን ነው፣ እሷ ደግሞ በዚያ ጥርስ ልትስቅብኝ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ።

ሕክምና ሄድኩ። ሰፈራችን አጠገብ ያለ አንድ የጤና ረዳት አፌን አየና «ድድሽ መርቅዟል» ብሎ ሁለት ቀለም ያለው ካፕሱል ሰጠኝ፤ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ አለኝ። ጨው ውሃው አቃጠለኝ፣ ካፕሱሉ ሆዴን አገላበጠው፣ ደሙ ግን እንዳለ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ፊቴ መገርጣቱን አይተው «ደም ማነስ ነው» ብለው የብረት ኪኒን ሰጡኝ። እሱስ ማነሱ አልቀረም፣ በአፌ እየፈሰሰ ምን ሊተርፈኝ! አዮ በበኩላቸው ሁለቱንም ናቁ። «ብርድ ነው» አሉ። «አራስ ብርድ ሲመታት በድዷ ይወጣል። ቅቤ ጨምሪ።» ጨመርኩ።

እኔ የራሴ ምርመራ ነበረኝ። ሰዓዳ ድዷ ተነቅሷል፣ የእኔ አልተነቀሰም። የእሷ አይደማም፣ የእኔ ይደማል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ድድ ለማጠንከር የሚነቀሱ ሴቶች ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ለጌጥ ብቻ አይደለም። አጋሮ ውስጥ አንዲት ከጎጃም መጥታ የከረመች ነቃሽ አለች ይባል ነበር። ለአዮ አልነገርኳቸውም፤ መነቀስ ሐራም ነው ብለው ይጮሁብኛል። አባ መኪ ደዶ ባለበት ሳምንት ለይላን ለአዮ ሰጥቼ ወደ አጋሮ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ።

ሴትዮዋ አፌን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «እህቴ፣ ይሄ ያመመው ድድ ነው። ሳይሽር አይነቀስም» አለችኝ።

«ያመመው ስላልተነቀሰ ነው» አልኳት።

«ማን አለሽ?»

«የጣውንቴ ድድ» አልኳት።

ሳቀች፣ ግን እምቢ አለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ በመጨረሻ የኩራዝ ጥቀርሻዋንና በአንድ ላይ የታሰሩትን መርፌዎች አመጣች። የላይኛውን ድዴን ጥግ ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ ነው የወጋችው። ደሙ ፊቷ ላይ ተረጨ። መርፌዎቹን ወርውራ ጥጥ እየጠቀጠቀች «ምን አባቴ አስነካኝ፣ ምን አባቴ አስነካኝ» ትል ነበር። እሷን አልወቅሳትም።

ስመለስም ጋቢና ውስጥ አፌን በሻሼ ሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት። ጅማ መግቢያ ኬላ ላይ የቡና ፍተሻ አለ፤ ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ቡና ማሳለፍ ክልክል ስለነበር ሰው ቡና በጡቱ መሀል፣ በልጅ መታቀፊያ፣ የት ያልደበቀበት ቦታ አለ! ጠባቂው በሩን ከፍቶ አየኝና «አንቺ፣ አፍሽ ውስጥ ምን ይዘሽ ነው?» አለኝ። ሻሹን አወረድኩለት። ልጁ ወደኋላ ዘሎ «ሂዱ፣ ሂዱ» ብሎ ኬላውን ከፈተ። ሾፌሩ «ወላሂ፣ ከአንቺ ጋር አንድ ኩንታል ቡና ባሳልፍ ኖሮ» እያለ እስከ ሰቶ ሰመሮ ሲስቅ ሄደ። እኔ ልስቅ አልቻልኩም፣ ደሙ አልቆመማ።

አዮ ባዩኝ ጊዜ እሪ አሉ። ወደ ደዶ ሰው ተላከ። አባ መኪ የሰዓዳን ሳምንት ትቶ በዚያው ቀን ደረሰ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማንም በቁም ነገር አያምነኝም፤ ያ ወቅት ግን ጣፋጭ ነበር። አባ መኪ ከአጠገቤ አልነሳ አለ። አጥሚቱን አብርዶ በማንኪያ ያጠጣኛል። ሽታዬን አይሸሽም፣ ወይም መሸሹን ተወው። ለይላን ያስተኛል። የደዶ ተራ ሲደርስ አልሄደም፤ ሁለተኛው ሲደርስም አልሄደም። «ሰዓዳ ምን ትላለች?» እለዋለሁ። «ታማሚ ትቼ የት እሄዳለሁ?» ይለኛል። አፌ ውስጥ ደም እያለ በውስጤ ፈገግ እላለሁ። ደዶ ላይ በር በሩን የምታየዋን ሴት አስባለሁ፣ ሕመሙ ይቀለኛል።

ግን ጥርሶቼ ይበልጥ እየላሉ ሄዱ። ሆስፒታል ወሰደኝ። ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ነው፤ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ ከኮሌጅ የመጣ ተማሪ፣ ጉንጩ አብጦ እሱም እያመመው፣ ልጅ መያዜን አይቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ከጎኔ የነበረች የሊሙ ሴት ለይላን ተቀብላኝ አንቀልባዋ ላይ አዘለቻት፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተለያየን። የጥርስ ክፍሉ ሰውዬ የፊት አራት ጥርሶቼን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «እነዚህ አይቆዩም። ማውለቅ ነው» አለ። ጉጠቱን ሳየው ጮህኩ። «በዚህ ደም ዛሬ አላወልቅም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ።

እዚያ የጠበቀችን ወጣት ሴት ዶክተር ነች። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ ንጹህ። አባ መኪ ገና ሲያያት ቆቡን አወለቀ። ለእኔ ቆቡን አውልቆልኝ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ይህንን አይቻለሁ።

ዶክተሯ አፌን አየች። ከዚያ አፌን ትታ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ገልጣ እግሬን አየች፣ ሰማያዊዎቹን ነገሮች በጣቷ ተጫነች።

«ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን አጥቼ! ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ቅቅል፣ ሻይ።»

«ጎመንስ? ብርቱካን? ሎሚ?»

«አራስ ነኝ እኮ ዶክተር።»

ለይላን አየቻት። ለይላ ተደግፋ ቁጭ ብላ ጡጫዋን ትበላ ነበር። «ይቺ ልጅ ስንት ወሯ ነው?»

«አምስተኛዋን ይዛለች።»

«አምስት ወር አራስ?» ብላ ወደ ባሌ ዞረች።

«እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት!» አለ አባ መኪ ቆቡን እያሸ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሥጋን ከሥጋ፣ ጥርስን ከድድ የሚያያይዝ ነገር ሰውነታችን ውስጥ አለ፤ ሰውነት እሱን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ቅቤ ውስጥ የለም፣ ገንፎ ውስጥ የለም። ትኩስ ፍራፍሬና እሳት ላይ ብዙ ያልቆየ የጎመን ቅጠል ውስጥ ነው ያለው። ሰውነት አያጠራቅመውም፣ በየጊዜው መብላት ነው። የምታጠባ እናት ደግሞ ያላትን ለልጇ እየሰጠች እሷ ባዶ ትቀራለች። ለዚህ ነው ልጅሽ ደህና ሆና አንቺ እንዲህ የሆንሽው አለችኝ።

«ክር አጥሮ ነው!» አለ አባ መኪ ድንገት። «ዶክተር፣ ጨርቁ ደህና ነው፣ ክሩ ነው ያለቀው። ስፌቱ ለዚህ ነው የተተረተረው!»

«በትክክል» አለችው ዶክተሯ፣ ሳቀችለትም። ያንንም አይቻለሁ።

«ጥርሶቼስ?» አልኳት።

«አጥንቱ ገና ይዟቸዋል። የምልሽን ከበላሽ ይጠነክራሉ። ካልበላሽ ግን እዚያ ክፍል ካለው ሰውዬ አላስጥልሽም።» የቫይታሚኑ ኪኒን በመድኃኒት ቤቱ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ነገር አልነበረም። «ከገበያ የሚገኝ መድኃኒት ነው፣ ምን ኪኒን ያስፈልግሻል?» ብላ አሰናበተችን።

ገበያው ግን ብርቱካን ያለቀበት ወቅት ላይ ነበር። አባ መኪ ባዶ እጁን ተመለሰና እያየኝ፣ ከአፉ ለማውጣት ፈርቶ፣ «ሰዓዳ ጓሮ ዘግይቶ የሚደርስ ዛፍ አለ። ዘይቱኑም አላለቀም» አለኝ።

ሁለት ነገር ነው በአንዴ የመጣብኝ። አንደኛው፣ እኔ የምድነው በሰዓዳ እጅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ከዳንኩ እሱ ይሄዳል። እያንዳንዱ ብርቱካን አባ መኪን አንድ እርምጃ ወደ ደዶ የሚያቀርብ ሆኖ ታየኝ። «ቆይ ትንሽ፣ ከሰው እንጠይቅ» አልኩት። ዶክተሯ የነገረችኝን እያወቅሁ ያን ቀንና በማግስቱም ገንፎ በላሁ።

እሱ ግን ደብቆ ልኮ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲንኳኳ ሰዓዳ ራሷ ናት፤ ኬሻዋን በትከሻዋ ተሸክማ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና።

«አሰላሙ አለይኩም ዘሀራ። አካም ጅርታ?»

«ወአለይኩም ሰላም» አልኩ አፌን በእጄ ይዤ።

«አፍሽን ክፈቺ እስቲ።»

«ምን ልታይ?»

«ማሎ፣ እባክሽ ክፈቺ ስልሽ!»

ከፈትኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም፤ «ያ አላህ፣ እህቴን» ብላ ፊቷን አዞረች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አዮ ጓዳ መሆናቸውን አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይሄን ሁሉ ወር ቅቤ የበላሽው በእኔ ቀንተሽ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«አንቺ ሁለት ወር ከበላሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱን? እኔ እኮ ያንን ቅቤ አልበላሁትም።»

«ምን?»

«ቅቤ ያንገሸግሸኛል፣ ከልጅነቴ። አዮ ገንፎውን አስቀምጠው ሲወጡ ለዶሮዎቹ ነበር የምሰጠው። ጓሮ እወጣና ዘይቱን እበላለሁ። ወላሂ፣ ለአዮ ብትነግሪ አልምርሽም።»

እኔ አምስት ወር ሙሉ በዶሮ ቀንቼ ነው የከረምኩት ማለት ነው። ልስቅ ነው ልጩህ ሳላውቅ አባ መኪ ከሱቅ ገባ። ሰዓዳን አያት። ስንት ሳምንት ሳይተያዩ ከርመዋል! እሷ ፈገግ አለች፣ በዚያ ጥርሷ፤ እሱም ፈገግ አለ፣ በሕመሜ ወራት ለእኔ ባላሳየኝ ዓይነት ፈገግታ። ለእኔ ሲያዝንልኝ ነው የከረመው። ለእሷ ግን ሳቀላት። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ጥርሴ ቢረግፍ አንድ ወር ያዝንልኛል፣ ከዚያ ግን ዕድሜ ልኩን እሷ ጋ ነው የሚስቀው። ከኬሻው አንድ ብርቱካን አንስቼ «ላጥልኝ» አልኩት።

አቃጠለኝ፣ እንባዬ መጣ፣ ግን በላሁ። ሁለተኛውንም በላሁ። ዘይቱኑን መንከስ ስላልቻልኩ ሰዓዳ በማንኪያ ጨፍልቃ ሰጠችኝ፤ እጇን እያየሁ ዋጥኩት። ዶክተሯ እንዳለችው ጎመኑን ሳናገረጣ፣ ውሃውን ሳንደፋ ቶሎ ከእሳት እያነሳን፣ ቃሪያ ከዳቦ ጋር፣ ሎሚም በሻይ ላይ እየጨመቅሁ ቀጠልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቆመ። እንዲህ ቶሎ መሆኑ ራሱ አናደደኝ፤ ያ ሁሉ ስቃይ ለዚህ? እብጠቱ ወረደ፣ የእግሬ ሰማያዊ ወደ ቢጫ ሄዶ ጠፋ፣ ሽታው ሄደ። ጥርሶቼ ለመጥበቅ ከዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱ፤ አራቱም ግን እስከ ዛሬ አሉ። አጋሮ የተወጋሁበት ጥግ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ቀርታለች፤ ስስቅ የምትታይ አይደለችም።

አባ መኪ ደግሞ ሄደ። ያውም የሰዓዳ ሁለት ተራ ተዘሏል፣ መካካስ አለበት ተባለና በተከታታይ ሦስት ሳምንት ደዶ ከረመ። እኔ ድኜ፣ ጥርሴን ይዤ፣ አልጋ ላይ ብቻዬን ብርቱካን እየላጥኩ እሰድብ ነበር።

አራስ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ገንፎው ጥሩ ነው፣ ቅቤውም ጥሩ ነው፣ ማንም ከአራስ አፍ አይንጠቅ። ግን አጠገቡ ጎመን ይቀመጥ። ብርቱካን ወተት አያደርቅም፤ የእኔ ወተት ብርቱካን ከጀመርኩ በኋላ ነው የበዛው። ድድ ሲደማ መፋቂያውን፣ ብርዱን ወይም ጎረቤትን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሳህናችሁን እዩ። የደማ ድድ ደግሞ አይነቀስም። ይህንን ለጣውንቶቻችሁም ንገሩ፤ ለምን እንደምል ትረዳላችሁ።

በዓመቱ ሰዓዳ ወለደች፣ እንደገና ወንድ። አዮ ቅቤያቸውን ይዘው ደዶ ሄዱ። እዚያ ደግሞ የሰማሁት ምን ነው? ቅቤ የሚያንገሸግሻት ሴት፣ «ለጅማዋ ሚስቱ አራት ወር የተበላ ቅቤ ለእኔ ሊቀንስ ነው? እኔ የወንድ ልጅ እናት!» ብላ አፍንጫዋን ይዛ ገንፎውን መዋጥ ጀመረች። ለዶሮ አልሰጥ አለች። ወር ወርን ሲወልድ አባ መኪ በተራዬ ሳምንት መጥቶ ጥርሱን ሲፍቅ እንዲሁ ለወሬ ያህል «ሰዓዳ ድካም ድካም ይላታል። ትናንት ስትፍቅ ደማች። ከሚመጣው ተራዋ በኋላ ያንቺንም ሳምንት እዚያው ልቆይ ይሆን?» አለኝ።

እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩ። ማንኪያው፣ የበረደው አጥሚት፣ «ታማሚ ትቼ የት እሄዳለሁ» ያለው ሁሉ በዓይኔ መጣ። የደማ ድድ ለአንዲት ሚስት ምን እንደሚያመጣላት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ብርቱካን፣ ሎሚና ቃሪያ በሁለት ዘንቢል ሞልቼ ለይላን አዝዬ የደዶ መኪና ላይ ወጣሁ። ሰዓዳ ፍራሿ ላይ ተጋድማ ነበር፣ ገንፎው አጠገቧ ሳይነካ ደርቋል። አዮ ብርቱካኑን አይተው «ብርድ!» ሊሉ ሲሉ «አዮ፣ ይቅርታዎን፣ እርስዎ ትንሽ ይውጡልን» አልኳቸው። አንዱን ልጬ ወደ አፏ አስጠጋሁት።

«ምቀኛ» አለችኝ አፏን ገጥማ። «ቅቤዬን ልታስጥይኝ ነው የመጣሽው።»

«አዎ» አልኳት። «ብይ።»

ብርቱካኑን ከእጄ ነጥቃ አሸተተችው። ከዚያ በላች፤ እኔ እየላጥኩ እሷ እየበላች ዘንቢሉ ተጋመሰ። ስወጣ የደዶ ሴቶች በር ላይ ተሰብስበው «እንዲህ ያለች ደግ ጣውንት!» እያሉ መረቁኝ፤ አሜን ብዬ አለፍኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ተራዬ የደረሰ ቀን፣ አባ መኪ ሰዓቱን ሳያሳልፍ ሰቶ ሰመሮ ደረሰ።

«እንዴት ናት?» አልኩት።

«ተነስታለች። ትናንት አጥንት ስትግጥ ነው ትቻት የመጣሁት።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ጫማውን አስወልቄ በሩን ቆለፍኩት።